ቅጠል ያወጡ ችካሎች

መቱ መናኸሪያ ቆሞ ጆሮውን የሰጠ ሰው «ስቴሽን! ስቴሽን! አንድ ሰው ስቴሽን!» የሚለውን የረዳቶች ጩኸት ሳይሰማ አይውልም። ስቴሽን ወደ ኖፓ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች መንደር ናት። እንግዳ ሰው ከሚኒባሱ ይወርድና ባቡሩን በዓይኑ ይፈልጋል። የለም። እሺ፣ ሐዲዱስ? እሱም የለም። በመጨረሻ አንዱን ጠጋ ብሎ «ይቅርታ፣ ጣቢያው የቱ ጋ ነው?» ይላል። ሰዉ ታዲያ ምንም ሳያፍር «እዚያ ነዋ!» ብሎ በዙሪያው በግንድ ወደተደገፈ አንድ የዘመመ ጭቃ ቤት ይጠቁመዋል። ቤቱ የዲንቃ ነው።

የስቴሽን ሰዎች በጣቢያቸው ይኮራሉ፤ አይፈረድባቸውም። በዓለም ላይ አንድም የባቡር አደጋ ያልደረሰበት፣ ባቡር አርፍዶበት የማያውቅ፣ ሻንጣ የጠፋበት መንገደኛ ያላለቀሰበት ጣቢያ ቢኖር ይኸው የእነሱ ነው። ይህ ሁሉ ክብር ግን የተገነባው በአንድ ሰው ጣሪያ ላይ ነው። ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል።

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ዲንቃ ቡናውን ለቅሞ፣ ቀፎውን ሰቅሎ የሚኖር፣ ከቀበሌው ውጪ ማንም የማያውቀው የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ነበር። ዋሪቱን ያገባት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ሙሽራዋ የገባችበት ቤት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቤት አልነበረም፤ አባቱ ቡና ያስቀምጡበት የነበረ መጋዘን ብጤ ነው። መስኮት የለው፣ ቆርቆሮው ወንፊት። ዋሪቱ በሰርጓ ማግስት ተጋድማ ጣሪያውን አየችና፣

«አንተ ዲንቃ፣ ኮከብ እየቆጠርን ነው እንዴ የምንተኛው?» አለችው።

«አንድ ክረምት ብቻ ቻይኝ። ከዚያ ቤት እሠራልሻለሁ። ባለ ሦስት ክፍል፣ መስኮቱ ወደ መንገድ የሚያይ።»

አንድ ክረምት ቻይኝ ማለት በሌላ አገር ቀላል ነገር ነው። በኢሉባቦር ግን ዝናቡ መጋቢት ላይ ይገባል፤ ኅዳር አካባቢ ልብሱን ሊያሰጣ ወጣ ይልና ጎረቤት ሳያየው ይመለሳል። ዋሪቱ ቻለች። ዲንቃም ቃሉን አክብሮ እንጨት ቆረጠ፤ ቋሚውን ጠረበ፤ ማገሩን ፈልጦ ጓሮ ከመረ። ደቦ ተጠራ። ሰዎቹ መሠረት ሊቆፍሩ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ቀያሾች መጡ።

በሁለት ላንድክሩዘር ነው የመጡት። ባለ ሦስት እግር መነጽራቸውን ዲንቃ በር ላይ ተከሉና በየተራ እያጎነበሱ ዓይናቸውን አስጠጉበት። አለቃቸው ኢንጂነር ዲበኩሉ የሚባል፣ ባርኔጣው ከትከሻው የሚሰፋ ቀልጣፋ ሰው ነበር።

«ወንድሜ፣ ይሄ ቤት የማነው?»

«የእኔ ነው ጌታዬ። ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም! ዕድለኛ ነህ። የባቡር መስመር ሊዘረጋ ነው። ከበደሌ በኩል ይመጣና እዚህ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በመቱ አድርጎ ወደ ጋምቤላ፣ አንዱ ወደ ዳሪሙ። መገናኛ ጣቢያ ይባላል።»

«ደጄ ላይ?»

ኢንጂነሩ በመነጽሩ አንድ ጊዜ አየና አረጋገጠ። «ደጅህ ላይ አይደለም። አልጋህ ላይ ነው።»

የዲንቃ አልጋ በዕድሜው ለምንም ነገር ተመርጦ አያውቅም። ሰውየው ደስ አለው።

ችግሩ የሲሚንቶ ችካሎቹን የጫነው አይሱዙ ነበር። ከኖፓ ወዲህ ባለው ጭቃ ውስጥ እስከ መሪው ሰጠመ፤ ሹፌሩ እዚያው አግብቶ ወልዷል የሚሉም አሉ። ኢንጂነሩ «በቃ በእንጨት እንቸክል» አለና ከዲንቃ የቤት እንጨት ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ዲንቃ ዕድሜ ልኩን የሚከፍልበትን ምክር የለገሰው ያኔ ነው።

«እሱ አይሆንም ጌታዬ። እዚህ አገር ደረቅ እንጨት መሬት ከነካ ምስጥ እስከ መስከረም አያቆየውም። ስትመለሱ ባዶ ጉድጓድ ነው የምታገኙት። እርጥብ ቆርች ልቁረጥላችሁ።»

ቆርች፣ እዚያ ብዙ ሰው ዋሌንሱ የሚለው፣ አበባው ቀይ የሆነ እሾሃም ዛፍ ነው። የኢሉባቦር ገበሬ አጥር ሲያጥር ቅርንጫፉን ቆርጦ መሬት ውስጥ ይሰካዋል፤ እንጨቱ ሥር ይሰዳል፤ ከዚያ በኋላ ምስጥ አይደፍረውም፣ ዝናብም አያበሰብሰውም። ዲንቃ ያሰበው እንደ አጥር ነው። አጥር ቢበቅል ደስ ይላል። ችካል ቢበቅል ምን እንደሚከተል ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ያሰበ ሰው በአገሩ አልነበረም። ቀያሾቹም የከተማ ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ እንጨት ሁሉ እንጨት ነው። ዲንቃ ራሱ ቆረጠ፣ ራሱ ጫፉን አሾለ፣ ራሱ በመጥረቢያ ጀርባ እየመታ ቸከለ። ኢንጂነሩ ቀይ ቀለም ቀባለት።

«እስክንመለስ ችካሉ እንዳይነካ» አለው ሲሰናበተው። «በችካሉ ክልል ውስጥ አዲስ ቤት መሥራት የለም። አሮጌውንም ማደስ የለም፤ አንዲት ምስማር! ባቡሩ ሲመጣ ምትክ ቤት ይሰጥሃል።»

«መቼ ትመለሳላችሁ?»

«ኧረ ቅርብ ነው!»

ዲንቃ ወሬውን ለዋሪቱ ሲነግራት ጎመን እየከተፈች ነበር።

«ምትክ የሚሰጡን የብሎኬት ቤት ነው አሉ» አላት።

«አሉ ወይስ አልክ?»

«ያው ነው እንግዲህ። ባቡር የሚያመጣ መንግሥት ጭቃ ቤት ይሰጣል እንዴ?»

ዋሪቱ ሳቀች። ያኔ ገና ትስቅ ነበር። ደቦው ቀረ። ለቤቱ የተቆረጠው እንጨት ጓሮ እንደተከመረ ተረሳና ምስጥ እያጣጣመ ዱቄት አደረገው። ችካሎቹ ግን ደኅና ነበሩ፤ እንዲያውም ለሰኔ ቅጠል አወጡ።

ከዓመታት በኋላ የባቡር መስመሩ አበበ። ይህ የስብሰባ ንግግር አይደለም፤ በእውነት አበበ። በጋ ሲሆን ሁለት ረድፍ ቀይ አበባ ከኮረብታው ቁልቁል ይወርድና ዲንቃ በር ላይ ይገናኛል። ይህን ያየ ሰው እንዴት ብሎ ይጠራጠር? ባቡሩ የቀረው መምጣት ብቻ ነው፤ መንገዱማ አጊጦ ቆሞ እየጠበቀው ነው።

ሰዉ ይጎርፍ ጀመር። መጀመሪያ የደረሰው ነዚፍ ነው፤ ቤተሰቡ ከአጋሮ የመጣ፣ ከስኳሩ በፊት ቀልዱን መዝኖ የሚሸጥ ነጋዴ። ከችካሉ ክልል አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ «ስቴሽን ሱቅ» ብሎ ከፈተ። «ፕላትፎርም ሻይ ቤት» ተከተለ። «ፉርጎ» የሚባል ፑል ቤትም መጣ። ወጣቶቹ የስቴሽን ሻንጣ ተሸካሚዎች ማኅበርን መሠረቱ፤ አራርሳ የሚባለውን ጎረምሳ ሊቀመንበር አደረጉት፤ በወገንተኝነት ገምግመው አወረዱት፤ ተጸጽተው መልሰው ሾሙት። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ሻንጣ አልተነካም። የእግር ኳስ ቡድናቸው «ባቡር» ተባለ፤ እንደ ስሙም ለግጥሚያ ቀርቦ አያውቅም።

ዲንቃስ? ዲንቃ «አባ ስቴሽን» ሆነ። ሰርግ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጎን ይቀመጣል። ቄሱም ፓስተሩም ሰላምታ ይሰጡታል። ሥጋው እንደቀረበ አንዱ «እስቲ አባ ስቴሽን፣ ኢንጂነሩ ምን ነበር ያለህ?» ይለዋል፤ ዲንቃም ጉሮሮውን ጠርጎ ከላንድክሩዘሩ ጀምሮ እስከ አልጋው ይተርካል። «ደጅህ ላይ አይደለም፣ አልጋህ ላይ ነው!» ሲል ድንኳኑ በሳቅ ይፈርሳል። ይህን ታሪክ በስቴሽን ዙሪያ ያልሰማ ሰው የለም፤ በሬዎች ሳይቀሩ ያውቁታል። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ማንም ሰምቶት አያውቅም ነበርና ተደማጭነቱ ጣመው። ባርኔጣም ገዛ፤ እንደ ኢንጂነሩ ሰፊ።

ክብሩ ግን ቤት ድረስ አይከተለውም። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ስለዚህ የዋሪቱ ሐሳብ ሁሉ ያች ባለ ሦስት ክፍሏ ቤት ላይ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ድስቱም፣ ሳፋውም፣ ጀሪካኑም በየቦታው ይሰለፋል። አልጋው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይሰደዳል።

«አባ ስቴሽን» ትለዋለች፣ «እስቲ ያን ባልዲ አቀብለኝ፤ አንደኛ ማዕረግ እያፈሰሰ ነው።»

«ተይ እንጂ ዋሪ። ቅርብ ነው ብለዋል።»

«ቅርብ የሚባለው አገር ከጋምቤላ ወዲያ ነው መሰለኝ፤ ይኸው ስንት ዘመን ሲመጣ!»

ግድግዳው ወደ ምሥራቅ መዝመም ጀመረ። ማደስ ክልክል ነው። መደገፍ ግን ክልክል ነው የተባለ ነገር የለምና ዲንቃ ግንድ አምጥቶ ደገፈው። ቤቱ አሰበበትና ወደ ምዕራብ ዘመመ። እዚያም ተደገፈ። በኋላ በሰሜንም በደቡብም እግር አበጀና ከሩቅ ሲያዩት ሊሄድ የተነሳ ሸረሪት መሰለ። ባቡሩ ከዘገየ ጣቢያው ራሱ ተነስቶ ሊያመጣው ነው፣ አለ ነዚፍ።

ነገሩ ከናካቴው የተበላሸው በአጥር ነው። የዲንቃ ችካሎች እንዴት እንደጠነከሩ ያየ ሁሉ «እስቲ አንድ ቅርንጫፍ» እያለ ይቆርጥ ነበር። ዲንቃ ቸር ነው፤ ለማንም አልከለከለም። ነዚፍ ሱቁን አጠረ፤ አራርሳ የጥጃ በረት አጠረ፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ታጠሩ። ስቴሽን በቆርች ተሸፈነች።

ያኔ መቱ ካለው የመሬት ቢሮ አቶ ኩመራ የሚባል ባለሙያ መጣ። የተላከው የባቡሩን መሬት አዲስ ካርታ ላይ እንዲያሰፍር ነው። «ችካሎቹ የታሉ?» አለ። ሰዉ በኩራት «ቆርቾቹ ናቸዋ!» አለው። አቶ ኩመራ የተነገረውን የሚያከብር ሰው ነው። መንደሩን ዞሮ ዞሮ ያገኘውን የቆርች ረድፍ ሁሉ የባቡር መስመር አድርጎ አሰፈረው። ካርታው ሲመጣ ስቴሽን ከአሥር በላይ መስመር የሚገናኝባት የዓለም መናኸሪያ ሆና ተገኘች። አንዱ መስመር ከነዚፍ ሱቅ ተነስቶ ሽንት ቤቱ በር ላይ ያበቃል። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በመስጊድ በኩል ይወጣል። አንዱ ደግሞ የአራርሳን ጥጃ ከብቦ ይመለሳል፤ እሱ ፈጣን መስመር ነው ተባለ።

መጀመሪያ ተጨበጨበ። ነዚፍ ለሱቁ በረንዳ ሊቀጥል ሲል ግን «መስመር ላይ ነህ» ተባለ። ኩሽና ሊሠራ የተነሳው ሁሉ መስመር ላይ ሆኖ ተገኘ። መንደሩ እንዳለ ዲንቃን ሆነ። ሰላምታውም ተለወጠ።

«አንተ ነህ ይሄን እሾህ ያመጣህብን!» አለው አራርሳ በአደባባይ።

«እኔ ለችካል ነው ያመጣሁት፤ አጥሩ የእናንተ ነው።»

«ችካል የሚበቅል የት አገር አይተሃል?»

ዲንቃ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ወደ ቤቱ አቀና።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ዋሪቱ ሳል ያዛት። እርጥበቱ ነው አሉ፤ ከምድጃው አጠገብ ብትተኛም አልለቀቃት አለ። አንድ ጠዋት የአልጋውን ልብስ በደጅ እየጨመቀች፣ ቀና ሳትል ተናገረችው።

«ዲንቃ፣ አሁን አልቀልድም። ሰኔ ሳይገባ አንድ ደረቅ ግድግዳ አሳየኝ። አንድ። ሦስት ክፍሉ ይቅር፣ መስኮቱም ይቅር። ካልሆነ መቱ ጊፍቲ ጋ እሄዳለሁ።»

ጊፍቲ እህቷ ናት፤ መቱ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ለተማሪዎች ክፍል ታከራያለች።

«ለጥየቃ ነው?»

«ለኑሮ።»

ዲንቃ ባርኔጣውን ቤት ትቶ መቱ ወረደ። ቢሮው በር ላይ ተሰልፎ ሰውን ሁሉ አስቀደመና ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል አቶ ኩመራን አገኘው።

«ኦቦ ኩመራ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ልሥራ። ባቡሩ ከመጣ በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ። ለመሆኑ ግን ይመጣል?»

አቶ ኩመራ ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ ዲንቃ፣ የባቡሩ ጉዳይ እኛን አይመለከትም። እኛን የሚመለከተን ችካሉ ነው።»

«ችካሉ እኮ ዛፍ ሆኗል!»

«ስለዚህ የበለጠ ጸንቷል ማለት ነው።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ከመንደሩ የሚመጣው አቤቱታ ጠረጴዛውን ሊሰብረው ደርሷል። ጥቂት አሰበና መላ አመጣ። ሐሙስ ራሱ መንደሩ ድረስ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ችካሎች በሕዝብ ፊት ይታያሉ፤ ቀሪው ቆርች ሁሉ አጥር ተብሎ ይሰረዛል። «የተከሉት እርስዎ ነዎት አይደል? እርስዎ ያሳያሉ፣ ሕዝቡ ያጸናል። መስመሩ ያልነካው ሰው በማግስቱ ቤቱን መሥራት ይችላል።»

ዲንቃ ይህን ይዞ ተመለሰ። ዋሪቱ እየሳለች አዳመጠችውና «ጨፌውን አሳያቸው» አለችው።

ጨፌው ከመንደሩ በታች ያለ፣ ከእንቁራሪት በቀር ነዋሪ የሌለበት ረግረግ ነው። ዲንቃ ከብቶች እንዳይሰጥሙ ብሎ ድሮ ዳር ዳሩን ቆርች ተክሎበታል።

«ባቡር በጨፌ? ይሰምጣል እኮ ዋሪ።»

«የማይመጣ ነገር እንዴት አድርጎ ይሰምጣል?»

«ውሸት ነው።»

«አዎ፣ ውሸት ነው። አባ ስቴሽን መሆን ነው የምትፈልገው ወይስ የዋሪቱ ባል?»

ዲንቃ መልሱን ለማግኘት ከሚያስፈልገው ትንሽ ዘግይቶ «የዋሪቱ ባል» አለ። መዘግየቱን ሰምታለች፤ ግን አለፈችው።

እስከ ሐሙስ የዲንቃ ደጅ ሰው አልተለየውም። ነዚፍ ስኳር ይዞ መጣ፤ «ዲንቄ፣ የእኔ አጥር ወላሂ አጥር ነው፣ አይደል?» አራርሳም አንገቱን ደፍቶ ስለ ጥጃው መጣ። ዲንቃ ለሁሉም «አጥር ነው፣ አጥር ነው» አላቸው። ስለ ጨፌው ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ሁሉም ነፃ ከወጣ ማን ቅር ይለዋል ብሎ ነው።

ሐሙስ አቶ ኩመራ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣ ቦታ መለኪያውን በእጁ ይዞ መጣ። መንደሩ ከነሕፃናቱ ተከተለ። ዲንቃ ፊት ፊት ሄደ።

«ይሄስ?»

«የነዚፍ አጥር ነው።»

«ይሰረዝ!» እልልታ።

«ይሄስ?»

«የጥጃ በረት ነው።»

«ይሰረዝ!» አራርሳ ጥጃዋን ግንባሯ ላይ ሳማት።

እንዲህ እንዲህ እያለ መስመሩ ሁሉ ተሰረዘ። አቶ ኩመራ ላቡን ጠርጎ «ታዲያ ዋናው የቱ ነው?» አለ።

ዲንቃ እጁን ዘረጋ። «እዚያ። በጨፌው።»

እልልታው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቆመ።

«እንዴት በጨፌው?» አለ ነዚፍ።

«በዚያ ነው ያለፈው።»

«ዲንቄ፣ ምን ነካህ? ጣቢያው እዚያ ከሆነ እኔ ምን ልባል ነው? "ከስቴሽን ራቅ ያለ ሱቅ"?»

«ማኅበራችን ጭቃ ውስጥ ሻንጣ አይሸከምም!» ሲል አራርሳ ጮኸ።

«ልጄን እኮ የስቴሽን ሰው ብዬ ነው የዳርኩት!» አሉ አንዲት እናት ከኋላ።

አቶ ኩመራ እየጻፈ «እንግዲህ ለስቴሽን የተያዘው መብራትና ውኃም ወደዚያው ይዞራል ማለት ነው» አለ፤ ለራሱ ያህል ነው ያለው። ሰዉ ግን ሰማ።

ከዚያ በኋላ ዲንቃን የሚሰማ አልነበረም። የሁሉም አጥር ተፈቷል፤ ኩሽናውም በረንዳውም ተፈቅዷል፤ አሁን የቀራቸው ጣቢያው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሌለ ስቴሽን ምኗ ስቴሽን ነው? አቶ ኩመራን በክንዱ ይዘው አስከተሉትና ዲንቃ በር ላይ ካለው ትልቁ ቆርች ሥር አቆሙት። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ይመሰክራል። ላንድክሩዘሩን፣ የሰጠመውን አይሱዙ፣ የመጥረቢያውን ጀርባ፤ አንዲት ቃል አልሳቱም።

«አንተ ራስህ በልጄ ሰርግ ላይ ነግረኸን የለም እንዴ?» አለ ነዚፍ፤ በክፋት አይደለም፣ እንደሚያባብል ነው። «"አልጋህ ላይ ነው" አለኝ ብለህ ስታስቀን አልነበር?»

ዲንቃ ዓይኑን ወደ ጨፌው መለሰ።

አቶ ኩመራ «አልጋው የት ነው?» አለ። ዋሪቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ገለል አለችለት። ገብቶ፣ ከሳፋና ከጀሪካኑ መሐል አልጋውን አግኝቶ፣ መለኪያውን ትራሱ ላይ አስቀመጠ። ወጣና «ትክክል ነው» አለ።

«ሕዝቡ አጽንቷል?»

«አጽንተናል!»

ጭብጨባው ጨፌው ድረስ ተሰማ። ዲንቃን አንስተው ትከሻቸው ላይ አወጡት። «አባ ስቴሽን! አባ ስቴሽን!» እያሉ በሱቁ፣ በሻይ ቤቱ፣ በፑል ቤቱ ዞሩ። ሰውየው ከላይ ሆኖ «አውርዱኝ፣ አውርዱኝ» ይላል፤ ዘፈኑ ውስጥ ማን ይሰማዋል? ከትከሻ ከፍታ ላይ ግን ደጁ ይታየው ነበር። ዋሪቱ ልብሷን በነጠላ ስትቋጥር አያት።

ሲያወርዱት መንገድ ዳር ቆማ ደረሰባት።

«ዋሪ፣ እኔ እኮ ጨፌውን አሳይቻለሁ። አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ። ጥሩ አድርገህ አሳየህ።»

«እነሱ ናቸው...»

«እነሱማ ምን ያድርጉ፣ ተስፋ አላቸው። ና አብረን እንሂድ። ጊፍቲ ክፍል አላት።»

ዲንቃ ቤቱን ዞር ብሎ አየ። «ጥዬው ከሄድኩ ባለቤት የለውም ይሉና ምትኩ ይቀራል። ምትኩ እኮ የአንቺ ነው ዋሪ።»

«የእኔ ከሆነ እኔ ትቼዋለሁ።»

«ትንሽ ብቻ...»

«ተው በቃ፣ ዲንቃ።» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። ያስፈራውም እሱ ነው።

ሚኒባሱ ቆመ። አራርሳና ጓደኞቹ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው፤ የሚያደርጉት ቢያጡ ተሯሩጠው ቋጠሮዋን ጣሪያው ላይ ጫኑላት። የስቴሽን ሻንጣ ተሸካሚዎች ማኅበር ከተመሠረተ ወዲህ የተሸከመው የመጀመሪያ ሻንጣ እሱ ነው። ነዚፍ በመስኮቱ በኩል የስኳር ከረጢት ሊሰጣት ሞከረ፤ «አዴ ዋሪቱ፣ ለመንገድ...» አላት። ዋሪቱ አመሰገነችውና መስኮቱን ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ ስቴሽን አምሮባታል። ነዚፍ በረንዳውን ሠራ፤ የብሎኬት ቤትም ብቅ ብቅ አለ፤ መብራት ገባ። ፖሉ የዲንቃን ቤት አልፎ ነው የተተከለው፤ ጣቢያ ላይ መስመር አይዘረጋም ተብሎ። መንደርተኛው ዲንቃን አይረሳውም። ቤቱ በአዲስ በኩል ሲዘም ተረዳድተው አዲስ ግንድ ያቆሙለታል፤ እንዲወድቅባቸው አይፈልጉም። ሰርግ ላይም ይጠሩታል። «ኢንጂነሩ ምን ነበር ያለህ?» ሲሉት ግን ሥጋውን ያያል እንጂ አይተርክም፤ እነሱው ይተርኩለታል።

በየገበያው ቀን መቱ ይወርዳል። ለዋሪቱ ማር ወይም ቡና ይይዝላታል። ዋሪቱ በጊፍቲ ግቢ የተማሪ ልብስ ታጥባለች፤ ሳሉ ለቋታል፤ ፊቷም ሞላ ብሏል። የምትኖርባት ክፍል ጠባብ ናት፣ ግድግዳዋ ግን ደረቅ ነው። ዲንቃ ሲገባ ሁልጊዜ መዳፉን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል፤ ዋሪቱ አይታ እንዳላየች ትሆናለች። ምሳ ትሰጠዋለች። ስለ ንቡ ትጠይቀዋለች። ሊሄድ ሲነሳ «እደር» ትለዋለች፣ እሱም «ነገ ቢመጡስ?» ይላል። በየሳምንቱ እንዲሁ ነው፤ ጊፍቲ እንኳ መልሱን ሸምድዳው፣ እሱ አፉን ሳይከፍት እሷ ከኩሽና «ነገ ቢመጡስ!» ብላ ትጮህለት ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከወትሮው አመሸ። ምሳውን በላ፣ ስለ ንቡ ተናገረ፣ ደግሞ ተናገረ። ከዚያ ተነሳና ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ በሩ ላይ ቆመ። ኩሽና ውስጥ ጊፍቲ ሥራዋን አቁማ ጠበቀች። ዲንቃ ያን ቀን መንገድ ላይ ሲመጣ ሌላ መልስ አስቦ እንደሆነ፣ ወይም እንዳላሰበ፣ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቀው አልተገኘማ።

ዋሪቱ የአንዱን ተማሪ ሸሚዝ አጣጥፋ ጨረሰችና ሌላውን አነሳች።

«መሽቶብሃል» አለችው። «ሂድ እንጂ።»